በሽሮፕ የቀዘቀዘ ግንባር

(ኮምቦልቻ፣ ማለዳ፦ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛዋ ትርንጎ ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ልጇን ያፌትን ታቅፋ፣ የሠራተኛ ልጆችን በቤታቸው በሚያውሉት በእትዬ አስካለ በር ላይ ቆማለች።)

እትዬ አስካለ፦ አልቀበልም አልኩሽ! እጅሽን ከበሬ ላይ አንሺ።

ትርንጎ፦ ይዳስሱታ! ግንባሩን ይንኩት፤ ከእኔ እጅ ይቀዘቅዛል።

እትዬ አስካለ፦ መቀዝቀዙ ነዋ ያስጠረጠረኝ። ትናንት ስትወስጂው ጉንጩ ቲማቲም መስሎ ነበር። ዛሬ ይኼ ቅዝቃዜ ከየት መጣ? አንገቱ ሥር ላብ በላብ ሆኗል።

ትርንጎ፦ በጋቢ ጠቅልዬው ነው የመጣሁት፤ ለምን አያልበው? ልጅ አይደል? ታመመ፣ ዳነ። እንዲታመምብኝ ነው የሚፈልጉት?

እትዬ አስካለ፦ አምጪው እስቲ አፉን። እንጆሪ እንጆሪ ይላል። ቁርሱ እንጆሪ ነበር?

ትርንጎ፦ ከረሜላ ነው። አስልሼው።

እትዬ አስካለ፦ ጥርሱን አብቅሎ ላልጨረሰ ልጅ ከረሜላ! ውሸትሽን እንኳ ትንሽ ብታበስይው ምን ነበረበት? ሽሮፕ ግተሽው ነው። የዚያችን ፋብሪካችሁ ኮሌታ የምትሰፋ ሴት ልጅ እንዲህ ቀዝቅዛ ተቀብያት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሽሮፑ ሲለቃት እሳት ሆነችብኝ። በሽታዋን ለልጆቹ ሁሉ አዳረሰችብኝ።

ትርንጎ፦ የእሷ ጥፋት በእኔ ላይ ለምን ይደፈደፋል? እትዬ፣ ሰርቪሱ መጥቷል፤ ክላክሱን አይሰሙም? አለቃዬ «አንዴ ማርፈድ ብትደግሚ ቦታሽ የሌላ ሰው ነው» ብሎኛል።

እትዬ አስካለ፦ አለቃሽን እኔ አልወለድኩት።

ትርንጎ፦ እርስዎ ስላልወለዱት እድለኛ ነው! እንዲህ ያለ አንጀት ይዘው ነው ልጅ የሚያውሉት?

እትዬ አስካለ፦ ምላስሽ ደህና ነው፤ ያልታመመው እሱ ብቻ ነው። እሺ፣ ምንም አልሰጠሁትም ነው የምትይው?

ትርንጎ፦ ምንም።

እትዬ አስካለ፦ እንግዲያው ይግባ። ግን እስኪግል ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። ይኸው ማንኪያው። የትኩሳት ሽሮፕ እዚሁ ፊትሽ ላጠጣውና ሂጂ።

ትርንጎ፦ አሁን? ትኩሳት ሳይኖረው?

እትዬ አስካለ፦ ሳይመጣ ልቅደመው። አፉን ክፈቺልኝ።

ትርንጎ፦ ቆይ... ቀን ላይ ያዩታል፤ ከጋለ ይደውሉልኛል...

እትዬ አስካለ፦ ምን አስፈራሽ? ምንም አልቀመሰ ካልሽ ምን ይሆናል? አንተ፣ አፍህን ክፈት!

ትርንጎ፦ ይተዉት! እጅዎን ያንሡ! ሰጥቼዋለሁ!

እትዬ አስካለ፦ እንዲህ በይኛ! ማንኪያው ባዶ ነው፤ ተመልከቺው። ሳላውቅ በላዩ ላይ የምጨምር መሰለሽ? የትኩሳት ሽሮፕ በቤቴ የለም። መቼ ነው የሰጠሽው?

ትርንጎ፦ ጎህ ሲቀድ።

እትዬ አስካለ፦ አንዴ?

ትርንጎ፦ ከቤት ስወጣ ደገምኩት። ትኩሳቱ አልበርድ አለኛ! እርስዎ ደግሞ በር ላይ ቆመው ግንባር እየዳሰሱ ይመልሳሉ። ምን ላድርግ?

እትዬ አስካለ፦ ሰዓቱ ሳይደርስ? በምን ለክተሽ?

ትርንጎ፦ በሾርባ ማንኪያ። ከጠርሙሱ ጋር የመጣው መለኪያ ጠፍቶብኛል።

እትዬ አስካለ፦ በሾርባ ማንኪያ! ይህችን ለምታክል ነፍስ! የልጅ መድኃኒት በኪሎው እየታየ ነው የሚለካው፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። እንዲህ ሆኖ እናት!

ትርንጎ፦ እናትነቴን አይንኩብኝ! ሌሊቱን ሙሉ ደረቴ ላይ ሲቃጠል ማን አብሮኝ ነበር? ከእሱ ሌላ ማን አለኝ?

እትዬ አስካለ፦ ለዛ ነዋ ልትገድይው የደረስሽው! ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ትርንጎ፦ አፍዎ ይቆረጥ! ደህና ነው፤ ይኸው ይስቃል። ማታ ከሥራ ስወጣ እወስደዋለሁ።

እትዬ አስካለ፦ በሳቁ አትታለይ። ይኼ መድኃኒት ሲበዛ ወዲያው አያስታውቅም፤ ልጁ ሲጫወት ይቆይና ጉዳቱ ኋላ ነው የሚወጣው። አሁን ነው መሄድ። ምን ያህል፣ መቼ መቼ ሰጠሽው ሲሉሽ ደግሞ በእኔ በር ላይ እንደዋሸሽው እንዳትዋሺ።

ትርንጎ፦ እሺ። ሰርቪሱም ይሂድ፣ ሥራውም ይቅር። ትናንት እዚህ ምን ወሰደ? ይጠይቁኛል።

እትዬ አስካለ፦ ምን ይወስዳል? ምንም።

ትርንጎ፦ ልወስደው ስመጣ ተኝቶ ነበር። «ከሰዓቱን ሙሉ ተኛልሽ» አሉኝ። ያፌት ቀን አይተኛም።

እትዬ አስካለ፦ ትኩሳት ያስተኛል።

ትርንጎ፦ ትኩሳት ከነበረው ለምን አልደወሉልኝም?

እትዬ አስካለ፦ ማሽን ላይ ስትሆኚ ስልክሽ መቼ ይነሳል? ነገር አትፈልጊ፤ ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ።

ትርንጎ፦ ዓይኔን ይዩኝ። ምን ሰጡት?

እትዬ አስካለ፦ የትኩሳት መድኃኒት አልሰጠሁትም! እግዜር ምስክሬ ነው። አፍንጫው ተደፍኖ ሲነጫነጭ የጉንፋን ሽሮፕ ነው ያቀመስኩት። ሌሎቹን ልጆች ሊያስነሳብኝ ሆነ፤ ምን ላድርግ?

ትርንጎ፦ አንዴ?

እትዬ አስካለ፦ ጠዋት... ከሰዓት ደግሞ ሲያለቅስ። የጉንፋን ነው እኮ የምልሽ፤ ከትኩሳቱ ምን ያገናኘዋል?

ትርንጎ፦ ያገናኘዋል! የፋርማሲዋ ልጅ ሽሮፑን ስትሸጥልኝ «ከጉንፋን ሽሮፕ ጋር እንዳትደርቢው፤ ብዙዎቹ ውስጥ ይኸው የትኩሳት መድኃኒት አለበት» ብላኛለች። እኔ እንደሆነ ትናንት ምንም አልወሰደም ብዬ ነው ሌሊቱን... ጠርሙሱ የታለ?

እትዬ አስካለ፦ ሰው የሰጠኝ ነው፤ ልጆች ሲያለቅሱ ጠብ የማደርግላቸው... ኧረ ቀስ በይ! እናቶቹ እየመጡ ነው!

ትርንጎ፦ ይስሙ! የእነሱም ልጆች ከሰዓት ይተኙላቸዋል አይደል?

እትዬ አስካለ፦ በማርያም ይዤሻለሁ፤ ዝም በይ! አምጪው፣ እቀበልሻለሁ። ሰርቪሱ አልሄደም፤ ሮጠሽ ድረሺበት። ጤና ጣቢያ እኔ እወስደዋለሁ፤ ሥራሽ አይቅርብሽ።

ትርንጎ፦ አሁን ተቀበሉኝ? ነጠላዎን ይልበሱና ይውጡ፤ ጠርሙሱንም ይያዙ። በሾርባ ማንኪያ የሰጠሁትን እኔ እናገራለሁ፤ የእርስዎን ግን ሐኪሙ ፊት ቆመው እርስዎ በአፍዎ ይናገሩታል።