ከፀጉር የቀጠነው ሽቦ

ሄሎ? — ወንድምዬ! እንኳን ደወልክ! ... ኧረ አትጩህ፣ ጆሮዋ የደከመው እማዬ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም! ... ቆይ፣ እጄ ስለቆሸሸ ድምፁን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጥህ። እ ... አሁንስ ትሰማኛለህ?

ተሠራ! ... የጆሮ መስሚያዋ ነዋ፣ ሌላ ምን! ... አዎ፣ ጠጋኙ ሁሉ “አበቃለት” ያለው። እኔው እህትህ ሠራሁት!

... አይ፣ አልበየድኩትም። ውስጡ የተበጠሰው ሽቦ ከፀጉር ይቀጥናል፤ ብየዳ ከነካው ደግሞ አጠገቡ ያለችው ማይክሮፎን በሙቀቱ ትሞታለች። ... ምን አደረግኩ መሰለህ? ጎረቤቴን፣ ወርቅ ሠሪውን አስታወስኩ። እሱ ቀለበት በወርቅ ከለበጠ፣ እኔ ሽቦ በመዳብ ብለብጥ ማን ይከለክለኛል? ... የተበጠሱትን ጫፎች አገናኘሁ፣ መዳብ የሟሟበት ሰማያዊ ውሃ አንድ ጠብታ አደረግኩበት፣ ከዚያ በትንሽ ባትሪ ኤሌክትሪክ ሰደድኩበት ... አዎ! መዳቡ ቀስ እያለ ሁለቱንም አለበሳቸውና አንድ ሆኑ። ያለ እሳት!

... ወዲያው? የት አባቱ! መጀመሪያ የባትሪውን ፕላስና ማይነስ አገላብጬ ሰክቼ፣ ይወፍራል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ሲሳሳ አየሁት! ... ሳቅ፣ ሳቅ! እኔን ላብ አጠመቀኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሬዲዮ የጠገንኩ ሴትዮ! ትንሽ ብዘገይ ኖሮ ሽቦ የሚባል ነገር አይተርፍም ነበር።

— እማዬ፣ ጆሮሽ ላይ ያለውን አትነካኪው፣ ተይው! — ምን? ... ሰማህ? ቧንቧው ይንጠባጠባል ትለኛለች! ከማድ ቤት እኮ ነው! ሁለት ወር ሙሉ ሲንጠባጠብ አንድ ቀን ሰምታው አታውቅም ... ወይኔ፣ በደስታ ላብድ ነው።

... አውቃለሁ፣ ልጅህ ሦስት ሳምንት ሞላው። ድምፁን እንድትሰማ ስልኩን በሰጠኋት ቁጥር “ለእኔ ዝም ነው” ብላ ስትመልስልኝ፣ አንጀቴን ትበላው ነበር ...

ቆይ — ምን አልሽ እማዬ? ... ሕፃን ያለቅሳል? ... አንተ፣ እያለቀሰ ነው እንዴ? እኔ እኮ አልሰማሁም! በል ሮጥ ብለህ አንሣው!

— እንዴ፣ ለምን እማዬ? ...

አታንሣው ትላለች። ትንሽ ያልቅስ፣ ድምፁን ልጥገበው ትላለች ... ስልኩን አስጠጋለት። በቃ። ይኸው እማዬ፣ ያዢው — ስትጠግቢ ራስሽ ዝጊው።