ልጄ ሲመጣ ይጠግነዋል

ሙሚን፣ ወደዚህ ጠጋ በል። ያ ግድግዳ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሲጠጣ የዋለ ነው፤ ጀርባህን ይጠብስሃል። ጫቱም ዛሬ ዘገየ። ከተማው መውጫ፣ ፔካ 12 ላይ፣ አንድ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገድ ዘግቷል አሉ። እስኪደርስ ምን እናደርጋለን? ወሬ እናላምጣለን እንጂ።

ሱቅ ደህና ነው? ልጆች ደህና ናቸው? … ሙቀቱ ዘንድሮ ለብቻው ነው። ቬንቲሌተሩ ደግሞ ምን ሆነ? ትናንት እያቃሰተም ቢሆን ይዞር ነበር እኮ። ቆመ? ጭራሽ?

ተው፣ ተው፣ አትጣለው! ምን ነካህ? የተበላሸ ዕቃ መጣል እኛ ሰፈር ከቀረ ቆይቷል። እዚያ ጥግ አስቀምጠው። ልጁ ሲመጣ ይጠግነዋል።

የማን ልጅ ትለኛለህ? የአንድ ሰው ልጅ ነዋ። ስም ምን ያደርግልሃል? እዚህ ሰፈራችን፣ ካርቲየ 5 ውስጥ፣ ልጁን ማሌዥያ የላከ አባት አንድ ብቻ ነው እንዴ? … ለካ አንድ ብቻ ነው። ቢሆንም እኔ የማወራህ ስለ ሌላ ሰው ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ስለተቀመጠ ሰው ባወራ አላህ ይጠይቀኝ። «ድምፅህን ቀንስ» ደግሞ ምን ማለት ነው? ሰው እያመሰገንኩ ድምፄን የምቀንስበት ምክንያት አለ?

አየህ፣ በጣም የማከብራቸው አንድ ነጋዴ አሉ። ጨርቅ ይሸጣሉ። ዕድሜያቸውን ሁሉ በሜትር ሲለኩ ኖረው አንድም ቀን አጉድለው አያውቁም። በጨርቅ ማለቴ ነው። በወሬ እንኳ ትንሽ ይጨምራሉ… ግን መጨመር ነውር ነው? ልግስና ነው።

ልጃቸውን ከአራት ዓመት በፊት ኮምፒውተር ሳይንስ ሊማር ማሌዥያ ላኩት። ከመሄዱ በፊት እንግሊዝኛና ሒሳብ ያስጠናሁት እኔ ነኝ፤ ጡረታ የወጣ መምህር ሌላ ምን ሥራ አለው? ልጁ ሊሴ፣ ሁለተኛ ደረጃውን፣ የጨረሰው በፈረንሳይኛ ነው፣ እዚያ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ አንደኛ ዓመት አላስገባውም። መጀመሪያ ፋውንዴሽን የሚሉት የመሰናዶ ዓመት አለ፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ትንሽ ፕሮግራሚንግ ይማሩበታል። ያንን ያለፈ አንደኛ ዓመት ይገባል፣ ያላለፈ ይደግማል፣ ጨርሶ የማይሆንለት ደግሞ ሌላ ነገር ይሞክራል። ምን ነውር አለው? ዓመቱ የተፈጠረው ለዚሁ ነው፤ ልጁ ትምህርቱን እንዲሞክረው፣ ትምህርቱም ልጁን እንዲሞክረው።

አባትዬው ግን ልባቸው ሰፊ ነውና ልጁ በተሳፈረ ሳምንት በግ አርደው ጠሩን። አንተም በልተሃል፤ ያውም ደህና አድርገህ። የምን ድግስ ነው ስንላቸው «ኢንጂነር ሆነ» አሉን። ገና ሻንጣውን አልፈታም እኮ! እኔ መቼም የመምህር ጠባይ አይለቀኝም፣ «ገና መሰናዶ ነው፤ ያልፍ እንደሆነ…» ብዬ ጀመርኩ። «መምህር፣ ሥጋው ይቀዘቅዛል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቀዝቅዞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጁ እንዴት እንዳደገ ታስታውሳለህ? ረመዳን ሲገባ ሁለተኛ ዓመት ነበር፤ በዒድ ማግሥት ሦስተኛ ዓመት ሆነ። ማሻ አላህ! ሌላው ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ዓመት የሚፈጅበትን እሳቸው በአንድ ከሰዓት በርጫ ይጨርሱታል። እንደ እሳቸው ያለ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ቢኖረን ጅቡቲ ውስጥ ያልተመረቀ ፍየል አይገኝም ነበር።

ቸርነታቸው ግን በልጃቸው ብቻ መች ቆመ? ከፈረንጆቹ ቤት ተቀጥራ የምትኖረው ትርሲት፣ ታውቃታለህ፣ ስልኳ ውኃ ውስጥ ወደቀባት። የሞተችው እናቷ ፎቶ ያለው እዚያ ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። ስታለቅስ አይተዋት «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እዚህ አኑሪው። ልጄ ሲመጣ ይጠግነዋል» አሏት። ምን ያለ አንጀት ነው! በመሐል አንድ የሶማሌ ልጅ እዚሁ ገበያ ላይ ስልክ ከፍቶ ያደርቃል፤ ወደ እሱ ልትወስደው ብትል «ኢንጂነር እያለ?» ብለው ተቆጧት። እሷም ይኸው እስካሁን እሑድ እሑድ፣ ፈረንጆቹ ሲለቋት፣ በሱቃቸው በኩል ታልፋለች። ሰላም ትልና ትሄዳለች። አሁንማ መጠየቁንም ትታለች።

ይህ ሲሰማ ጎረቤታችን ውዳድ የዲሽ ረሲቨሯን አመጣች። ሹፌሩ ደምመላሽ ከመኪናው ላይ ቴፑን ነቅሎ አመጣ፤ አዲስ አበባ ድረስ ያለ ዘፈን መንዳት ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው? ከከተማው ዳር፣ ከባልባላ እንኳ አንድ ሰው ልብስ ማጠቢያ ማሽን በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኖ መጣ። ሁሉንም ተቀበሉ። አንዱንም አልመለሱም። የሱቁ ጓዳ ድሮ ሐርና ከፈይ ይቀመጥበት ነበር፤ አሁን ግን ገብተህ ብታይ የኤሌክትሪክ መቃብር ነው። ማጠቢያው ማሽን ውስጥ ድመት ወለደች። ልጆቿ አድገው፣ እነሱም በተራቸው ወልደው፣ ወደ ወደቡ ተሰደዱ። ኢንጂነሩ ግን ገና ነው።

እኔ አንድ ቀን ደፍሬ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ሰው ልብስ ማጠቢያ አይጠግንም አልኳቸው። ሥራው ለማሽኑ ትዕዛዝ መጻፍ ነው፣ ምን እንደሚያደርግ ይነግረዋል አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ ማጠቢያውንስ እጠብ ብሎ ቢያዘው ምን ይከብደዋል?» … ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ ሙሚን፣ እንዲህ አፌን ያስያዘኝ ተማሪ አልገጠመኝም።

ምነው፣ እዚያ ማዕዘን የተቀመጡት አሳላቸው? ውኃ ስጧቸው እባካችሁ። አቧራው ነው። ትራሱንም አመቻቹላቸው፤ ዛሬ መቀመጫው አልተመቻቸውም መሰለኝ።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ቆራጥነታቸውን ሳልነግርህ። ልጁ የመሰናዶው ዓመት ሲያልቅ ደወለላቸው። ሳይደብቅ፣ ሳይሸፋፍን፣ «አባዬ፣ ፕሮግራሚንጉን ወድቄ ደገምኩት፣ ደግሜም ወደቅኩ። ከእኔ ጋር አይሄድም። ሥራ ይዣለሁ፣ ሥራውንም ወድጄዋለሁ» አላቸው። አሁን አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? እኔስ? ያው ተራ አባት የሚለውን፤ ጤናህ እንዴት ነው፣ ትበላለህ ወይ፣ ና በቃ ወደ ቤትህ። እሳቸው ግን ተራ አባት አይደሉም። «ዲግሪ ሳትይዝ ፊትህን እንዳታሳየኝ። ለእናትህም ትንፍሽ እንዳትል» ብለው ስልኩን ዘጉ። በዚያው ቀን ከሰዓት እዚሁ በርጫ ላይ ልጃቸውን አንድ ክፍል አሳለፉት። እንዲህ ያለ ጽናት የት ታገኛለህ?

ለእናቱ ደግሞ «ፈተና ላይ ነው» ይሏታል። አራት ረመዳን ሙሉ ፈተና! የልጁን አልጋ አንሶላ ለዒድ ታጥብና ታነጥፋለች፣ ዒድ ሲያልፍ መልሳ ታጥፋለች። ደግሞ እኮ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ለእሷው ብለው ነው። ልጇ ኢንጂነር ሳይሆን ብታየው ልትደነግጥ ትችላለች አይደል?

ምን ሥራ ያዘ አትለኝም? የእህቴ ልጅ ናዒማ እዚያው አካውንቲንግ ስትማር ነበር፤ አምና ነው የተመለሰችው። አንድ ቀን ከጓደኞቿ ጋር የየመኖች ምግብ ቤት ገቡ። ያንን ከዓሣ ጋር የምንበላውን፣ እንደ ትሪ የሰፋ ትኩስ ዳቦ አዘዙ። ዳቦው ሲመጣ፣ ወላሂ የጅቡቲ ሽታ አለው ብላ ጋጋሪውን ለማየት ብድግ አለች። ከምድጃው ፊት የቆመው እሱ ነው። ፊቱ በእሳት ቀልቷል፣ እጁ እስከ ክርኑ ዱቄት ነው፣ ይስቃል። ሰው ለእሱ ዳቦ ውጭ ድረስ ይሰለፋል አለችኝ። እዚህ ሳለ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ምክንያቱ ግን ሒሳብ የማስጠናው እኔ ስለነበርኩ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ አላህ ሲሠራው ተመልከት። አባትዬው ሐሙስ ሐሙስ ከእኛ ጋር የየመኖቹን ዓሣ ሲበሉ መጀመሪያ የሚያነሡት ዳቦውን ነው። ይቆርሱና፣ ያሸቱና፣ «ይህን የጋገረ እጅ ይባረክ!» ይላሉ። ሰምተሃቸዋል። የማያውቁትን ሰው ልጅ እጅ በየሳምንቱ ይመርቃሉ። ቸር ሰው እንዲህ ነው፤ ለባዳ ሲሆን አይሰስትም።

አሁን ወደ ደስ የሚለው ልውሰድህ። ልጁ ዓርብ ይመጣል። አዎ፣ የፊታችን ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል። ለአባቱ በቀደም ደውሎ ነገራቸው። ለእናቱ ግን እንደታዘዘው ትንፍሽ አላለም። እዚህ ባሕሩ አጠገብ ምድጃ ሊተክል ነው ሐሳቡ። ለእኔም ደውሎ ነበር፤ ይህን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው። ስለ ምድጃው ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ምን አለኝ መሰለህ? «መምህር፣ አባቴ አምቡሊ ይመጣል?» … ያ ልጅ ስንት ጥያቄ ጠይቆኛል። ለሁሉም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወጥቼ መልስ ሰጥቼዋለሁ። ለዚህኛው «መስመሩ ይቆራረጣል» አልኩት።

ከዚያ አጣራሁ። ለካ ዓርብ አባትዬው የሉም! ለንግድ ድሬዳዋ ይሄዳሉ። ዓርብ፣ ከተማው ሁሉ ተዘግቶ ሰው ጁምዓ ሰግዶ በሚተኛበት ቀን! እንዲህ ያለ ትጋት አይተህ ታውቃለህ? ዓመቱን ሙሉ ከሱቃቸው ደፍ ሳይወጡ ዕቃ በሹፌር ሲልኩ ኖረው፣ ልክ በዚያች ቀን ራሳቸው ካልሄድኩ አሉ። አልፈርድባቸውም። ልጁ ዓርብ ከገባ ቅዳሜ ሰፈሩ በሙሉ በሱቁ በር ላይ ነው። ውዳድ ረሲቨሯን ትላለች፣ ደምመላሽ ቴፔን ይላል፣ ያ የባልባላው ሰውዬ ማሽኑን ከነድመቷ ይጠይቃል። ትርሲትም ትመጣለች… እሷ ቆማ ብቻ ታያቸዋለች። ታዲያ ምን ይበሏቸው? «ልጄ ዳቦ ጋጋሪ ነው» ማለት ይችሉ ነበር። አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፤ እኔ ለአንደኛ ክፍል ልጆች አጽፋት ነበር። ግን ከእሷ ይልቅ የድሬዳዋ መንገድ አጭር ሆነላቸው።

እኔም መቼም ሥራ ፈት ነኝና ዛሬ ጠዋት ወደ እናቱ ሄድኩ። ጎረቤቴ ናት፤ ጎረቤት መጠየቅ ደግሞ ሰዋብ ነው፣ አላህ ዘንድ ዋጋ አለው። ሁሉንም ነገርኳት። መሰናዶውን፣ ምድጃውን፣ ዓርብን።  ኢንጂነር አልሆነም ወይ ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቀችኝም። «ከስቷል?» ብቻ አለችኝ። ናዒማ በስልኳ ያነሣችውን ፎቶ አሳየኋት። ብዙ አየችው። ከዚያ ተነሥታ አንሶላውን ከቁም ሣጥን አወጣች። ዒድ አይደለም እኮ፣ ግን አወጣችው። ለዓርብም ታክሲ ይዤላታለሁ።

ኧረ እኒያ ማዕዘን ያሉት ሊነሡ ነው እንዴ? ቁጭ ይበሉ እንጂ፣ ጥሩምባው ይሰማል፣ ጫቱ ደረሰ! ዱዓ ሳይደረግ ደግሞ የሚወጣ ሰው የለም። የልማዳችንን ዛሬ እኔ ልበል፤ የሽማግሌ አፍ አይናቅም። እጃችሁን ዘርጉ። አንተም ሙሚን። እዚያ ማዕዘንም፣ እባክዎ።

አላህ ይህን በርጫ የፍቅር ያድርገው። መንገደኛውን ሁሉ ይጠብቅ። ዓርብ ወደ ድሬዳዋ የሚሄዱትን ሰው ሙቀት ሳይነካቸው፣ ጎማ ሳይፈነዳባቸው ያድርሳቸው፤ ንግዳቸውን ይባርክ፤ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው፣ በጣም ረጅም። ያንን ሲነግሩን የኖሩትን ልጅ፣ ኢንጂነሩን፣ አንድ ቀን በዓይናቸው ያሳያቸው፤ አቅፈው ይሳሙት። ስለወለዱት ልጅ ግን ሐሳብ አይግባቸው… እሱን እኔና እናቱ እንቀበልላቸዋለን። አሚን በሉ።