«መንገደኛዋ» ልጅና የቅዳሜው ስብሰባ

አባባ መቀስ የሚባሉት ፀጉር አስተካካይ ውሸት አይወዱም፤ ውሸት ነው እሳቸውን የሚወዳቸው። አንዴ የአንድ ደንበኛቸው ፀጉር ተቆርጦ ሁለት ፍራሽ ሞልቶ ለትራስ ተረፈ ብለው ሲምሉ፣ ደንበኛው ራሱ መላጣውን እየዳበሰ «እኔ ምስክር ነኝ» ብሏል።

ከወሬያቸው ሁሉ የሚደምቀው ግን የልጅ ልጃቸው ወሬ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከሳቸው ጋር የምትኖረው ይህች ልጅ፣ እያወራች ሳለ ድንገት ዝም ትላለች። ዓይኗ ፈጦ ይቀራል፣ ሽፋሽፍቷ ይርገበገባል፤ ጥቂት ቆይታም ምንም እንዳልተፈጠረ ጨዋታዋን ትቀጥላለች።

«ሄደች!» ይላሉ አያቷ። «አሁን ጨረቃ ላይ ናት፤ ዝም በሏት፣ መሰላሉን ትስታለች።»

ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ይስቃል። ስትመለስ «ምን አየሽ?» ይሏታል፤ እሷም የወርቅ ቀንድ ያለው ዶሮ አየሁ ትላለች። የሰፈሩ ሰው «መንገደኛዋ» ብሎ ይጠራት ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መንገደኛውን ሁሉ በየደጁ ሲያስጠጋ፣ የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊዋ ልጅ በስብሳ ፀጉር ቤታቸው ገባች። ተምራ ተምራ የሕፃናትን አንጎል የምታጠና ሆናለች።

«እንደምን ዋሉ አባባ?»

«እግዜር ይመስገን። ግቢ ልጄ፣ መጠለል በነፃ ነው። እስቲ ያንን አንጎል ጨረሳችሁት?»

«ገና ከየት እንጀምር እያልን እየተጣላን ነው» አለች እየሳቀች። «በልጆች አንጎልና ጠባይ እድገት ላይ የሚጠናው ብዙ ነው፤ ሁሉም ባንዴ አይሆንም። ቅዳሜ የትኛው ይቅደም ብለን እንመካከራለን። ወላጅና አሳዳጊ ጠርተናል፤ እርስዎም ቢመጡልን።»

«እኔ የማውቀው ጭንቅላትን ከውጭ ነው፤ የውስጡ የናንተ ነው። ደሞ የልጅ አንጎል ምኑ ይጠናል? ልጅ ይበላል፣ ይተኛል፣ ያድጋል። እኛን ማን አጥንቶን አደግን?»

«ያላደጉትንስ ማን ቆጠራቸው አባባ?»

መልስ ሊሰጡ ሲሉ፣ ጥግ ላይ ማበጠሪያ ስትደረድር የነበረችው የልጅ ልጃቸው ድንገት ፈዝዛ ቆመች።

«ሄደች!» አሉ ደስ ብሏቸው። «ለእንግዳችን ክብር!»

ቤቱ ሳቀ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ግን ተንበርክካ በስሟ ጠራቻት፣ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። ልጅቷ አልሰማችም። ነቅታ ማበጠሪያዋን ስታነሳ፣ እንግዳዋ ወደ አያቷ ዞረች።

«አባባ፣ ሐኪም አይቶ ይወስን እንጂ፣ ይሄ ከሚጥል በሽታ አንዱ ዓይነት ይመስለኛል።»

«ምላስሽን ቁረጪ! አንድ ቀን ወድቃ አታውቅም!»

«ሳይጥልም ይመጣል። አስተማሪዋ አትሰማም፣ ሰነፍ ናት አላለችም?»

እውነትም አስተማሪዋ እንዲያ ብላለች።

«ሰነፍ አይደለችም። በዚያች ቅጽበት የሚነገረው ሁሉ ያመልጣታል።»

«ታዲያ ያ ሁሉ የምታወራው ከየት መጣ?»

«እሷኑ ይጠይቋት።»

አያትየው ጎንበስ አሉ። «ንገሪኝ የኔ እናት፣ እዚያ ምን አለ?»

ልጅቷ ወረፋ ጠባቂዎቹን ሰረቅ አድርጋ አየች። «ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ምንም የለም። ጨለማም የለም። መሄዴን የማውቀው እናንተ ስትስቁ ነው።»

«ዶሮውስ?»

«አባባ፣ አንተ ደስ እንዲልህ ነዋ።»

አያትየው ክው አሉ። ሲስቁ ከነበሩት መሃል ቀና ብሎ የሚያያቸውም ጠፋ።

«ይህን እያወቃችሁ ለምን ዝም አላችሁ?» አሉ ወደ እንግዳዋ ዞረው።

«በየቤቱ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አናውቅማ። እኛ ሆስፒታል ተቀምጠን በሽታውን በስሙ እንጠብቃለን፤ እናንተ ጋ መንገደኛ ተብሎ ይኖራል። የምንጠራችሁ ለዚህ ነው አባባ። መድኃኒት አለው፤ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል። ያመለጣትን ትምህርት ግን መድኃኒት አይመልስም።»

ቅዳሜ ሄዱ። አንዱ ምሁር ስለ አንጎል ምስል ማንሻ መሣሪያ፣ ሌላው ስለ ዘር ምርመራ ተናገረ፤ ሁሉም የየራሱ ይቅደም አለ። አባባ መቀስ ባርኔጣቸውን ጨብጠው ተነሱ።

«እኔ ወሬ ማሳመር ልማዴ ነው፤ ዛሬ የምጨምርበት የለኝም። ልጄን አልመታኋትም፣ አላስራብኳትም። የበደልኳት ስቄባት ነው። የሚወዳት ሁሉ ስቆባታል። መሣሪያችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ሕመሙ ከጀመረ እናንተ ጋ እስኪደርሱ ልጆች የት ነው የሚቆዩት? ወላጅና አስተማሪ ያዩትን ምን ይሉታል? ማን ያስረዳቸዋል? እባካችሁ ይሄ ይቅደም።»

ክርክሩ ረጅም ነበር፤ ሁሉም አልተስማማም፤ በመጨረሻ ግን የሳቸው ጥያቄ ቀደመ። ከዚያ ጥናት የተገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። አስተማሪዎች ሰነፍ ከማለታቸው በፊት የልጁን ዓይን ማየት ተማሩ፤ ወላጆች በቤታቸው ቃል ተጠየቁ፣ በቤታቸው ቃልም መልስ አገኙ፤ ብዙ ልጆች ዓመት ሳይባክንባቸው ሐኪም ዘንድ ደረሱ። ለልጆች የሚበጅ ጥናት ከልጆቹ ቤት ሲጀምር እንዲህ ነው።

የአባባ መቀስ የልጅ ልጅም በመድኃኒት ተሻላት። ነገር ግን እኩዮቿ ጥለዋት አልፈዋል፤ ከትንንሾቹ ጋር፣ ጉልበቷ ከዴስኩ እየተጋጨ፣ አምና ከነበረችበት ክፍል እንደገና ጀመረች። አንድ ቀን ፀጉር ቤቱ ውስጥ መጽሐፏን ዘርግታ ቀና አለች።

«አባባ፣ አምና ይሄን ስንማር እኔ የት ነበርኩ?»

ደንበኛው በወንበሩ ላይ ሆኖ ጨዋታ ሊሰማ ጆሮውን አቀና። ሽማግሌው ግን ከጎኗ ዝቅ ብለው ተቀመጡ።

«አላውቅም የኔ እናት» አሉ። «እኔም ስስቅ አብሬሽ አልነበርኩም።»