ሬዲዮው በምን ጥፋቱ?

ወይዘሮ ሊዮታ ያን ቅዳሜ ግሮሰሪው ደጃፍ ላይ ጎረቤታቸውን ማርሊስን ባያገኟት ኖሮ፣ የባለቤታቸው የአቶ ኤልመር ሬዲዮ ምድር ቤት እንደተቆለፈበት በቀረ ነበር። ማርሊስ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሰው ጠባይ እንዴት እንደሚለወጥ የምታጠና ተማሪ ናት።

«አቶ ኤልመር እንዴት ሰነበቱ?» አለች።

አቶ ኤልመር ግማሽ ጎናቸው ከዛለ ወዲህ ወንበራቸው ላይ ሆነው ቀኑን ሙሉ ይጮኹ ነበር።

«ተመስገን፣ ጩኸቱ ቀነሰ። ያን ሬዲዮ ከቆለፍኩበት ወዲህ ቤቴ ቤት ሆነ። ደሙን የሚያፈላው በሬዲዮ የሚሰማው የቤዝቦል ግጥሚያ ነበር።»

«ዝም ባሉ ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጠው ያጫውቷቸው ብዬዎት ነበር። እሱንስ ጀመሩ?»

«በዚያው ሳምንት ነዋ!»

«ታዲያ የትኛው እንደረዳቸው በምን አወቁ?»

«ልጄ፣ ሬዲዮው ወጣ፣ ጩኸቱ ወጣ። ለዚህም ዩኒቨርሲቲ ይገባል?»

«የእርስዎ ጨዋታም ሲገባ ጩኸቱ ወጥቷል። ሁለቱን ባንድ ላይ ስለለወጡ እኔም አላውቅም።»

«ከተሻለው ምን አስቆፈረሽ?»

«እሳቸው ቤዝቦል ከመስማት ሌላ ምን ቀራቸው? ሬዲዮው ጥፋት ከሌለበት ያለ ፍርድ ነው የታሰረው።»

ወይዘሮ ሊዮታ ግትር ናቸው እንጂ ክፉ አይደሉም። ሬዲዮው ሲወሰድ ኤልመር ማልቀሳቸውን ለማንም አልተናገሩም ነበር። ነገሩ ከነከናቸውና፣ ማርሊስ ቤታቸው መጥታ አብራቸው እንድትፈትነው እሺ አሉ።

በመጀመሪያው ቀን አንዳቸው ሳሎን፣ አንዳቸው ወጥ ቤት ሆነው ጩኸቱን ለየብቻ ቆጠሩ። ቁጥራቸው ጨርሶ አልተገናኘም።

«ሳሉንም ቆጥረውታል?»

«ሳሉንም፣ ስድቡንም! ስድብ ጩኸት አይደለም?»

«እንግዲያው መጀመሪያ ጩኸት የምንለውን እንወስን። በሩ ተዘግቶ ወጥ ቤት ድረስ ከተሰማ ጩኸት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ቁጥራቸው ገጠመ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ሬዲዮው ብቻ ተመለሰ። ጩኸቱ አልጨመረም።

«አጋጣሚ ነው» አሉ ወይዘሮ ሊዮታ።

«ሊሆን ይችላል። አሁን ደግሞ ሬዲዮው እንደተከፈተ አጠገባቸው መቀመጡን ለጥቂት ቀን ይተዉት። እንደ ድሮው ሲጮኹ ብቻ ይምጡ።»

«ምነው ልጄ! ሆን ብዬ ላስጮኸው?»

«እሳቸውን እንጠይቃቸዋ።»

«ቤዝቦሌን አትንኩብኝ እንጂ የፈለጋችሁትን አድርጉ» አሉ አቶ ኤልመር።

ጩኸቱ ተመልሶ መጣ። ወይዘሮ ሊዮታ እንደገና መቀመጥ ሲጀምሩ ደግሞ ጠፋ። አሁን የሚከራከሩበት ነገር አልቀራቸውም። ወንበራቸውን ወደ ባለቤታቸው አስጠጉና፣

«ያለ ጥፋትህ ነው የቀጣሁህ፣ ኤልመር» አሉ።

«ምን ላድርግ? ካልጮህኩ አትመጪማ» አሉ አቶ ኤልመር።

አስቀድሞ ለክቶ፣ አንዱን ብቻ ለውጦ፣ መልሶ ነስቶ ማየት ሰው የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው እንዲለይ፣ የሚወደውንም ሰው በከንቱ እንዳይነፍግ ያደርገዋል። ወይዘሮ ሊዮታ ዛሬ ይህንን ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ሲመክሩ ይውላሉ፤ የቤዝቦሉ ግጥሚያ በሬዲዮ የሚተላለፍበት ሰዓት ሲደርስ ግን ምክሩን አቋርጠው ወደ ቤታቸው ይሮጣሉ።