በመጋረጃ ሥር የተለዋወጡት ካርዶች

ስም፦ በመዝገቡ የሰፈረው፤ በክፍሉ «አባባ ጨዋታ» ይባላሉ
ዕድሜ፦ 78
ሥራ፦ ጡረተኛ አናጺ፣ የዘጠኝ ልጆች አያት
አድራሻ፦ የወንዶች ተኝቶ ሕክምና ክፍል፣ አልጋ 6
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8፡10 ሰዓት

እኔ ምስክሩ በልብ ሕመም ከተኛሁ አሥራ አንድ ቀኔ ነው። በክፍላችን የእያንዳንዱን በሽተኛ ምግብ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ እንደ ሕመሙ ታዛለች፤ ትእዛዙም በአልጋው ግርጌ በተንጠለጠለ ካርድ ይታወቃል። የእኔ ቢጫ ነው፣ ጨው የለሽ ማለት ነው። አረንጓዴ ማንኛውም ምግብ ነው። ቀይ፣ መዋጥ ለሚቸግረው፣ ተፈጭቶ የወፈረ ብቻ ነው። ምግብ አዳይዋ መልክ አታጣራም፤ ካርዱን አይታ ታስቀምጣለች፤ የታዘዘችውም ይህንኑ ነው።

አልጋ 5 ላይ እግሩ የተሰበረ ሾፌር ነበር፣ ባለ አረንጓዴ። ከሰኞ ጀምሮ ምሳ ሊደርስ ሲል በመጋረጃው ሥር እጄን ሰድጄ ካርዳችንን ሳለዋውጥ፣ ከምሳ በኋላ ስመልስ ቆይቻለሁ። ሾፌሩ «አባባ፣ እዚህ ቤት ጨው ጠፍቷል እንዴ?» እያለ ሲያማርር፣ «ቻለው ልጄ፣ ለጤናህ ነው» እያልኩ አጽናንቼዋለሁ።

ዛሬ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ራጅ ለመነሳት ወረድኩ። እኔ በሌለሁበት ሾፌሩ ወደ ቤቱ ተሸኝቶ፣ በስትሮክ የታመመ ልብስ ሰፊ ከነቀይ ካርዱ በቦታው ተኝቷል። መጋረጃው ተዘግቶ ስለነበር አላወቅሁም። 6፡15 ላይ እንደ ልማዴ እጄን ሰደድኩ። የምግብ ጋሪው በር ላይ ሲንኳኳ ስለሰማሁ ቀለሙን ሳላይ በጥድፊያ ሰቀልኩ።

በትሪዬ ላይ የወፈረ ሾርባ መጣልኝ። «ልጄ፣ ጥርሴን ሳታዪ ፈረድሽብኝ?» ብዬ ምግብ አዳይዋ ላይ ልቀልድ አፌን ስከፍት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ትንታ ተሰማ። የጉሉኮሱን ማንጠልጠያ እየጎተትኩ ዘልዬ መጋረጃውን ገለጥኩ። ልብስ ሰፊው ፊቱ ጠቁሯል፤ ከሩቅ አገር ዛሬ የደረሰችው ሴት ልጁ በቢጫው ካርድ የመጣለትን ድንች ተማምና አጉርሳዋለች። ምግብ አዳይዋ ቀድማኝ ደረሰች፤ ወደ ፊት ደፍታ ጀርባውን መታችው፤ በሦስተኛው ድንቹ ወጣ። 6፡30 ላይ ትንፋሹ ተስተካከለ።

ሴት ልጁ ግን የምግብ አዳይዋን ክንድ ጨምድዳ «አባቴን ልትገድዪው ነበር» አለች። የክፍሉ ኃላፊም ካርዶቹን ያምታታችው እሷ ናት ብሎ ከሥራ እንደሚያግዳት ተናገረ፤ ፖሊስም ተጠራ። እኔ ነኝ ያደረግኩት ብል የሚያምነኝ ጠፋ። ነርሷ «አባባ፣ ዛሬስ ቀልዱን ይተዉት» አለች። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ «ትናንት የጣሪያውን ማራገቢያ የፈለሰፍኩት እኔ ነኝ ያሉትም እርስዎ ነበሩ» አለችኝ። ምግብ አዳይዋ ራሷ እንባዋን እየጠረገች «ተዉ አባባ፣ ለእኔ ብለው አይዋሹ» አለች። ዕድሜ ልኬን ስዋሽ ታምኜ እውነት ስናገር አማኝ አጣሁ።

ልብስ ሰፊው ከታመመ ጀምሮ ዘጠኝ ቀን አንድ ቃል አልወጣውም ነበር። ደህናውን እጁን አነሳ፣ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረና «ሌባ» አለ።

«አባዬ፣ ምን አልክ?» አለችው ልጁ።

«እሱ ሌባ። ካርዴን።»

እጄ በመጋረጃው ሥር ስትገባ እያየ መናገር አቅቶት ኖሯል። ልጁ የምግብ አዳይዋን ክንድ ለቅቃ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። ሐኪሙ እየሮጠ መጣ። ተሰድቤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። «እስቲ ድገመው ወንድሜ» አልኩት፤ ደገመው፣ ይባስ ብሎ ጮክ አድርጎ።

ስለዚህ ካርዱን የለወጥኩት እኔ ነኝ፤ ምግብ አዳይዋ የታዘዘችውን ከመሥራትና ሰው ከማዳን በቀር ያደረገችው የለም፣ ከሥራዋ እንዳትነካ። ቢጫው ካርድ በባለሙያዋ ትእዛዝ ከ7፡40 ጀምሮ በእጄ አንጓ ላይ ታስሯል፤ ስፈርምም አልተፈታም።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ አንድም ቦታ አልቀለድኩም። የማራገቢያው ነገር ውሸት እንደነበር ግን እዚሁ ይመዝገብልኝ።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ (ተፈርሟል)
እማኝ፦ የአልጋ 5 በሽተኛ፣ በጣት አሻራ