በሪፖርቴ ላይ ያልጻፍኩት ሰው

ክብርት ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ኦርላ፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ከሁላችን ቀድመህ ኬኩ አጠገብ ቦታ የያዝከው ክቡር ፊንታን፤

ለዚህ ዝግጅት የደከማችሁትን ሁሉ አመሰግናለሁ። በተለይ ባልደረባችን ዴክላን «በገዛ እጄ ጋገርኩት» ላለው ኬክ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የሱቁ ተለጣፊ ወረቀት ግን ከሥሩ አልተላጠም።

እዚህ ስላይጎ ከተማ ውስጥ፣ አንጎላቸው የተጎዳ ጎልማሶች በየቤታቸው እንዲኖሩ ስረዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጡረታ የሚወጣ ሰው «ደስታና ሐዘን ተቀላቅሎብኛል» ማለት አለበት አይደል? እኔ ምንም የተቀላቀለብኝ ነገር የለም። ጥርት ያለ ፍርሃት ነው የያዘኝ።

ምን ያስፈራሻል ትሉኝ ይሆናል። ሰኞ ጠዋት ከዋናው ጽሕፈት ቤት ገምጋሚዋ ትመጣለች። ፊንታንን ቤቱ ሄዳ ታነጋግረውና ከእንግዲህ ደጋፊ ሠራተኛ ያስፈልገው እንደሆነ ትወስናለች።

ለማታውቁት፣ ፊንታን ጣሪያ ሠሪ ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት ከቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱ ተጎዳ። ምላሱ ግን ጭረት እንኳ አልነካው።

«የፕሮቴስታንቶቹ ጣሪያ ነበር! ለዚህ ነው የእኛዎቹ ቅዱሳን ያልያዙኝ!»

ይኸው፤ ከራሱ አፍ ሰማችሁ።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ፊንታን ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠየቅ ከእኔም ከእናንተም የተሻለ ይመልሳል። ባለፈው ማክሰኞ ጠየቅሁት፦

«ዘይት ጥደህ ትተኸው ትሄዳለህ?»

«አብደሻል እንዴ ኑዋላ! ዘይት ጥዶ ከምድጃ የሚርቅ ማነው? ከተቀጣጠለ ውሃ አትደፊበትም። እሳቱን ታጠፊና ትከድኚዋለሽ።»

የእሳት አደጋ አለቃ እንኳ እንዲህ አይመልስም። ዝናብ ስለጀመረ የተሰጣ ልብስ ላስገባ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ ኩሽናው በጭስ ታፍኗል፣ እሱ የጣደው መጥበሻ ይነድዳል፣ ክቡርነታቸው ሳሎን ተቀምጠው የፈረስ እሽቅድምድም ያያሉ።

«ፊንታን! አይሸትህም?»

«ሸቶኛል እንጂ። ጎረቤታችን ዛሬም አሳረረች። ምስኪን ባሏ!»

ግድ የለም ሳቁ፤ እኔም በኋላ ስቄያለሁ። እሳቱን አጥፍቼ መጥበሻውን የከደንኩት ግን እኔ ነኝ። ያስፈራኝ አለማወቁ አይደለም። ሁሉን ያውቃል። በሰዓቱ ግን የሚያውቀው ነገር እጁ ጋ አይደርስም። ቁጭ ብሎ ለሚያወራው ሰው ይህ አይታይም።

አሁን ወደ ወንጀለኛዋ ልለፍ። በየስድስት ወሩ ስለ ፊንታን ሪፖርት የሚጽፈው ማነው? እኔ። ምን ብዬ? «ያለ ማንም እርዳታ ያበስላል።» አሥራ ስምንት ጊዜ!

ኮርቼበት ነዋ! ኩሽናው በር ላይ ቆሜ፣ ሲዘናጋ ጉሮሮዬን እየጠረግሁ፣ ሲረሳ ምድጃውን በዓይኔ እያሳየሁት፣ የበግ ሥጋና ድንች አብስሎ አብልቶኛል። ጉሮሮ መጥረግን እርዳታ ብሎ የሚጽፍ ማን አለ? እናንተም እንደ እኔው ናችሁ። ዴክላን፣ ወለል ወለሉን አትመልከት። ሰው ሲሻለው ማየት እንወዳለን፤ ክብሩን የጠበቅንለት መስሎን በሩ ላይ የቆመውን ሰው ከወረቀቱ እናወጣዋለን። ገምጋሚዋ የምታነበው ያንኑ ወረቀት ነው። እዚያ ላይ የሌለን ሰው ደግሞ ማንም አይቀጥርም።

ይህን በፊቱ የማወራው ፈቅዶልኝ ነው። ትናንት ስጠይቀው፣

«ንገሪያቸው» አለኝ። «መልከ መልካም መሆኔንም ጨምሪበት።»

ልወጣ ስል ደግሞ፣

«ኑዋላ፣ ያ ጭስ የእኛ ነበር እንዴ?»

«የእኛ ነበር።»

«እንግዲያውስ እኔም ፈራሁ» አለኝ።

ወይዘሮ ኦርላ፣ ተሰናባች ስጦታ ይቀበላል እንጂ አይሰጥም፤ እኔ ግን ይህን ወረቀት ይዤልዎ መጥቻለሁ። አሥራ ስምንቱንም ሪፖርቶቼን ያርማል። «አጠገቡ ሰው ሲቆም ያበስላል፤ ብቻውን ሲሆን ቤቱ ሊቃጠል ይችላል» ይላል። ፈርሜበታለሁ። መሥሪያ ቤታችንን ያሳፍር ይሆናል፤ ጡረታዬን ያዘገየው እንደሆነም አላውቅም። ይህም ያስፈራኛል። ግን ከዚያ መጥበሻ አይብስም። ገምጋሚዋም ሰኞ ስትመጣ ወሬውን ትታ እንቁላል እንዲጠብስላት ትጠይቀው።

ባልደረቦቼ፣ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጣችሁ። ዓይናችሁ ያየውን እንዲጽፍ ለእጃችሁ ድፍረት ይስጠው። አንተንም ፊንታን፣ ከአጠገብህ ሰው አያሳጣህ፤ ከእኔ የተሻለ፣ በቀልድህም ቶሎ የማይሸነፍ።

ዛሬ ዓርብ ነው፤ ዋናው ጽሕፈት ቤት ሊዘጋ ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶታል። ወይዘሮ ኦርላ፣ ጭብጨባው ይቅርና ወረቀቱን ለገምጋሚዋ ይዘውላት ይሂዱ። እኛ እዚሁ ቁጭ ብለን እንጠብቅዎታለን።