ቀስ በል የተባለው ስልክ

ከለቡ ወደ መካኒሳ አቦ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። የልጄ ዓይን እየደከመ ነው፤ የቀረውንም እንዳይጨርስባት ብዬ ስልኳን ነጥቄ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ። ከፊቴ ነጭ በትር የያዘች ወጣት ተቀምጣለች፤ ስልኳ ይለፈልፋል። አጠገቧ ያሉት ሽማግሌ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ስልክሽ ምን ሆኖ ነው?»

«የተጻፈውን እያነበበልኝ ነው፣ አባቴ።»

«ይሄ ማንበብ ነው? የሚያባርረው ያለ ነው የሚመስለው።»

«ረዳቱ ሲጣራስ ይሰማዎታል?»

«መካኒሳ አቦ፣ መካኒሳ አቦ ነዋ የሚለው።»

«ትናንት ከገጠር የመጣ ሰው ግን አይሰማውም። ይሄም ለለመደው ነው።»

«አይ አንቺ። ታዲያ እኛን ለምን ታሰሚናለሽ?»

«ዛሬ ዓይናቸው የማያይ ልጆች ላሏቸው ወላጆች አሠራሩን ላሳይ ነው። ካልገባቸው ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያስቀሯቸዋል። እስቲ ይርዱኝ፣ ሲገባዎት በቃ ይበሉኝ።»

ስልኩ ቀስ ብሎ እንዲያነብ አደረገችው።

«ገና ነው።»

አሁንም ቀስ አደረገችው።

«በቃ። አሁን ቃል በቃል ሰማሁት።»

«እኔን ግን እንቅልፍ ያመጣብኛል።»

«ምን ታደርጊዋለሽ፣ በዚሁ ጨርሺዋ።»

«አይሆንም፣ መጨረሻ ላይ ወደ ራሴ ፍጥነት እመልሰዋለሁ። አለዚያ ልጆቻቸው ቀርፋፋ ይመስሏቸዋል።»

«እንዲያ ከሆነማ ወላጆቹ ሮጠው ይድረሱባቸው።»

በትር የያዘችው ወጣት «ወራጅ አለ» ስትል፣ የልጄን ስልክ ከቦርሳዬ አውጥቼ ተከትያት ወረድኩ።